ስፓይደር ማይት በቤት ውስጥ አትክልት ላይ፦ ከመድኃኒቱ ይልቅ የቀን ቆጠራው

የክረምቱ ዝናብ አብቅቶ አየሩ መድረቅ ሲጀምር፣ በተለይም ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት፣ በአዲስ አበባ ቤቶች መስኮትና በረንዳ አጠገብ የተቀመጡ ብዙ አትክልቶች አንድ ዓይነት በሽታ የያዛቸው ይመስላሉ። ቅጠሉ በመጀመሪያ በመርፌ ጫፍ የተጠቀጠቀ ያህል ጥቃቅን ፈዛዛ ነጠብጣቦች ያወጣል፤ ነጠብጣቦቹ እየተገናኙ ሲሄዱ አረንጓዴው ወደ ቢጫ፣ ቢጫውም ነሐስ ወደሚመስል መልክ ይለወጣል፤ በመጨረሻም በቅጠሉና በዘንጉ መጋጠሚያ ላይ እጅግ የሳሳ ድር ተዘርግቶ ይታያል። ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ ውኃ ያነሰው ይመስለዋልና ውኃ ይጨምራል። ቅጠሉ ይብስበታል፤ አሁንም ውኃ ይጨመራል፤ ተክሉም ከላይ በተባይ፣ ከታች በሥር መበስበስ ተይዞ ይሞታል። እኔም ከዓመታት በፊት አንድ ያማረ አይቪ ያጣሁት በዚሁ መንገድ ነው፤ ድሩን አይቼ የተራ ሸረሪት መስሎኝ በጨርቅ ጠርጌ ትቼው ነበር።

ጥፋቱን የሚያደርሰው ስፓይደር ማይት የሚባለው ተባይ ነው። እንደ ክሽክሽ ወይም እንደ ትንኝ ያለ ነፍሳት አይደለም፤ ወገኑ ከሸረሪትና ከመዥገር ሲሆን ካደገ በኋላ ስምንት እግር አለው፤ ርዝመቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ በባዶ ዓይን ሲታይ የምትንቀሳቀስ የአቧራ ቅንጣት ይመስላል። ከዝርያዎቹ ሁሉ በቤት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ጀርባው ላይ ሁለት ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት፣ ጀርመናዊው ካርል ሉድቪግ ኮኽ እ.ኤ.አ. በ1836 ቴትራኒከስ ኡርቲኬ ብሎ የሰየመው ነው። ከ1,100 በላይ በሆኑ የዕፅዋት ዝርያዎች ላይ መኖር ስለሚችል፣ ከጽጌረዳና ከባቄላ ጀምሮ እስከ ፓልም፣ ክሮተንና አይቪ ድረስ ያሉት ሁሉ ማዕዱ ናቸው። ቅጠል አያኝክም፤ መርፌ መሰል አፉን በቅጠሉ ውስጥ ሰክቶ የሴሎቹን ይዘት ይመጥጣል፤ ፈዛዛዎቹ ነጠብጣቦች እነዚያ ባዶ የቀሩት ሴሎች ናቸው።

ይህን ተባይ ለማጥፋት ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ «ምን ልርጭበት?» የሚል ነው፤ መልሱም ከጎረቤት ወደ ጎረቤት እየተላለፈ ነጭ ሽንኩርት፣ ሚጥሚጣ፣ አመድ፣ ሳሙና፣ ኒም፣ ትንባሆ፣ አንዳንዴም ከእርሻ የተረፈ ማላታይን ይሆናል። እኔ የምለው ጥያቄው መለወጥ አለበት ነው። በቤት ውስጥ አትክልት ላይ ውጤቱን የሚወስነው የሚረጨው ነገር ኃይል ሳይሆን የሚረጭበት ቦታና ቀን ነው፤ ይህን የተረዳ ሰው ንጹሕ ውኃና ተራ ሳሙና ይዞ ያሸንፋል፤ ያልተረዳ ሰው ግን እጅግ ውድ የሆነውን መድኃኒት ገዝቶም ይሸነፋል።

ምክንያቱ በተባዩ የዕድገት ዑደት ውስጥ አለ። ስፓይደር ማይት ከእንቁላል ወጥቶ በመጀመሪያ ስድስት እግር ያለው እጭ ይሆናል፤ ከዚያ በሁለት ተከታታይ የልጅነት ደረጃዎች አልፎ ሙሉ እድገት ላይ ይደርሳል፤ በየደረጃው መካከልም ሳይበላና ሳይንቀሳቀስ የሚያርፍበት ጊዜ አለው። የክፍሉ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን እንቁላሉ ለመፈልፈል አንድ ሳምንት ገደማ፣ ከእንቁላል እስከ ሙሉ እድገት ደግሞ ሁለት ሳምንት ተኩል ያህል ይወስድበታል። ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ ግን እንቁላሉ በሦስት ቀን ገደማ ይፈለፈላል፤ ጠቅላላው ዑደትም በአንድ ሳምንት ገደማ ይጠናቀቃል። አንዲት እንስት በሁለት ከሦስት ሳምንት ዕድሜዋ መቶ ያህል እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ያልተገናኘች እንስት የምትጥላቸው እንቁላሎች እንኳ ይፈለፈላሉ፤ የሚወጡት ሁሉም ወንዶች ናቸው፤ እርሷም ከእነርሱ ጋር ተገናኝታ እንስቶችን መውለድ ትችላለች። ስለዚህ ከማጽዳት የተረፈች አንዲት እንስት ብቻዋን መንደሩን መልሳ ለመመሥረት ትበቃለች።

ከዚህ በመነሣት የተለመደውን አሠራር እንመልከት። ባለቤቱ ቅዳሜ ዕለት የሳሙና ውኃ ይረጫል፤ የሚንቀሳቀሱት ተባዮች አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ እንቁላሎቹና በዕረፍት ላይ ያሉት ግን በቅጠሉ ጀርባ ተጣብቀው ይቀራሉ። እሑድና ሰኞ ተክሉ የዳነ ይመስላል። በሳምንቱ እንቁላሎቹ ይፈለፈላሉ፤ በሦስተኛው ሳምንት አዲሶቹ እንስቶች እንቁላል መጣል ይጀምራሉ፤ ባለቤቱም «ሳሙና አይሠራም» ብሎ ጠንከር ያለ ነገር ፍለጋ ይወጣል። ሳሙናው ግን በደንብ ሠርቷል፤ ያልተሠራው ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው እጥበት ነው። የአዲስ አበባ ክፍል ሙቀት ባለበት ቤት በየአምስት ቀኑ አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው አራት ጊዜ ማጠብ፣ እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ከተማ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀት በሚበዛበት ክፍል ደግሞ በየሦስት ቀኑ አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው አራት ወይም አምስት ጊዜ ማጠብ የሚያስፈልገው፣ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ የሚፈለፈሉት ልጆች አድገው እንቁላል ከመጣላቸው በፊት ለመድረስ ነው። በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ማድረግ ከማንኛውም የመድኃኒት ቅመማ ይበልጣል።

ጠንከር ያለው መድኃኒት ለምን እንደማይረዳ ለመረዳት ታሪኩን መመልከት ይጠቅማል። ስፓይደር ማይት በዓለም ዙሪያ የታወቀ የእርሻ ጠላት የሆነው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲዲቲና መሰሎቹ በየማሳው መረጨት ከጀመሩ ወዲህ ነው። ዲዲቲ ማይቱን አልገደለውም፤ ማይቱን የሚበሉትን ጥቃቅን አዳኞች ግን ጨረሳቸው። ይኸው ነገር በሌላ መልክ በቅርቡ ደግሞ ታይቷል፤ በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ የኤልም ዛፎች የእስያ ረጅም ቀንድ ጥንዚዛ እንዳያጠቃቸው ኢሚዳክሎፕሪድ የተባለ ፀረ ነፍሳት መድኃኒት ከተሰጣቸው በኋላ ስፓይደር ማይት በከፍተኛ ቁጥር ተባዝቶባቸዋል፤ ተመራማሪዎችም ይህ መድኃኒት የተክሉን የራስ መከላከያ የሚለውጥ መሆኑን አሳይተዋል። በየሱቁ «ለነፍሳት» ተብሎ የሚሸጠውን ነገር ሁሉ ገዝቶ በሳሎን ፓልም ላይ የሚረጭ ሰው ይህን ስሕተት በትንሹ እየደገመ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ተባዩ መድኃኒትን የመላመድ ችሎታው ነው። የመድኃኒት መላመድን በሚመዘግቡ ዓለም አቀፍ መዝገቦች ላይ ቴትራኒከስ ኡርቲኬ ከ90 በላይ የሆኑ የመድኃኒት ንጥረ ነገሮችን ተላምዶ የተገኘ በመሆኑ ከመሪዎቹ ተርታ ይመደባል። እ.ኤ.አ. በ2011 የዘር ንድፉ ተነብቦ ይፋ ሲደረግም መርዝን የሚያፈርሱ ጂኖች በብዛት እንዳሉት ታውቋል። ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። በዝዋይ፣ በሆለታ፣ በሰበታና በቢሾፍቱ ያሉት የጽጌረዳ እርሻዎች ዋነኛ ተባይ ይኸው ማይት ነው፤ እርሻዎቹም ለዓመታት መድኃኒት ሲረጩበት ኖረዋል። ወደ ውጭ ሳይላክ ቀርቶ በከተማው መንገድ ዳር በእቅፍ የሚሸጠው ጽጌረዳ ቤት ሲገባ፣ በቅጠሉ ጀርባ ከመድኃኒት ርጭት የተረፉ ማይቶችን ይዞ ሊገባ ይችላል። እቅፉን ከቤት አትክልቱ አጠገብ የሚያስቀምጥ ሰው ስንት ዓይነት መድኃኒት ያለፈበትን ዘር እያስገባ እንደሆነ አያውቅም። እንደ ሳሙናና ዘይት ያሉት ነገሮች ተባዩን የሚገድሉት የሰውነቱን ሽፋን በማበላሸትና በማፈን ስለሆነ፣ ያ ሁሉ የተከማቸ ችሎታው ብዙም አይረዳውም። በቤት ውስጥ የተፈጥሮ ዘዴዎችን የምመርጠው በዚህ ስሌት ነው፤ በየመስኮቱ ላይ የምትተከለው ጤና አዳም ወደ ቡና ስኒ፣ በሶብላውና የጥብስ ቅጠሉ ወደ ድስት የሚገቡ መሆናቸው ደግሞ ስሌቱን ያጠናክረዋል።

ይሁን እንጂ «የተፈጥሮ» የሚለው ቃል ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአበባ እርሻዎች ለስፓይደር ማይት የሚረጨው አባሜክቲን የሚመነጨው ጃፓናዊው ሳቶሺ ኦሙራ በአገሩ አፈር ውስጥ ካገኘው ባክቴሪያ ነው፤ የዚሁ ወንድም የሆነው አይቨርሜክቲን በአገራችን ሜክቲዛን በሚለው ስም ለዓይነ ሥውርነት የሚዳርገውን ኦንኮሰርኪያሲስን ለመከላከል ሲታደል የኖረ ነው፤ ግኝቱም እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። አባሜክቲን ከተፈጥሮ የተገኘ ቢሆንም እጅግ መርዛማ ነው፤ በመኝታ ቤት ሊረጭ የሚገባው ነገር አይደለም። የብርብራ ፍሬም እንዲሁ ነው፤ አባቶቻችን ወንዝ ውስጥ ጨምረውት ዓሣ ያደነዝዙበት የነበረው ሮቴኖን የተባለ መርዝ ስላለው ነው፤ ቤቱ ውስጥ የዓሣ ገንዳ ያለው ሰው ቢረጨው የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። እንዶድም በውስጡ ያለው ሳፖኒን ሸማ የሚያጸዳ አረፋ የሚሰጥ፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ አካባቢ ባደረጉት ምልከታ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል የተረጋገጠ ኩራታችን ነው፤ ግን ዓሣንም ይገድላል፤ ብናኙ ዓይንና አፍንጫን ክፉኛ ያስቆጣል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለመርጨት አልመክረውም። ከሁሉም የከፋው ትንባሆ ዘፍዝፎ መርጨት ነው። ኒኮቲን በቆዳ በኩል ወደ ሰው ሰውነት ይገባል፤ ሕፃንና ድመት ባሉበት ቤት አደጋው ቀላል አይደለም፤ ትንባሆን የሚያጠቃው ቫይረስም በዚያው ውኃ አማካይነት ወደ ቲማቲምና ቃሪያ ችግኝ ሊተላለፍ ይችላል።

እንግዲህ ወደ ሥራው ስንገባ የመጀመሪያው እርምጃ ተባዩን ማረጋገጥ ነው። አንድ ነጭ ወረቀት ከተጠረጠረው ቅጠል ሥር ይዞ ቅጠሉን በጣት መታ መታ ማድረግ፣ ከዚያ ወረቀቱን ለአንድ ደቂቃ ያህል ማየት በቂ ነው። የወደቁት ቅንጣቶች መራመድ ከጀመሩ ማይት ናቸው፤ በጣት ሲዳመጡም አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ መስመር ይተዋሉ። አቧራ አይራመድም። ድሩ እስኪታይ መጠበቅ ግን ዘግይቶ መንቃት ነው፤ ድር የሚታየው ቁጥራቸው እጅግ ከበዛ በኋላ ነውና። ተባዩ መኖሩ እንደተረጋገጠ ተክሉን ከሌሎቹ ለይቶ ማስቀመጥ፣ እጅና ልብስም ሳይታጠብ ሌላውን ተክል አለመነካካት ያስፈልጋል፤ ማይቶች ክንፍ ባይኖራቸውም በድራቸው ተንጠልጥለው ቀላል ነፋስ ይወስዳቸዋል፤ በእጅጌና በድመት ፀጉርም ይጓዛሉ። ክፉኛ የተጎዱት ቅጠሎች በዚያው ቀን ተቆርጠው በፌስታል ታስረው ከቤት ይውጡ።

ከተፈጥሮ መፍትሔዎች ሁሉ የመጀመሪያው ውኃ ነው፤ ርካሽ በመሆኑ የሚናቅ ቢሆንም ከሁሉም ብዙ ማይት የሚያስወግድ እርሱ ነው። በቅጠሉ ጀርባ ላይ በጠንካራ ግፊት የሚፈስ ውኃ ተባዩንም፣ ድሩንም፣ ከእንቁላሉም ከፊሉን ጠርጎ ይወስዳል። የመታጠቢያ ቤት ሻወር ያለው ሰው ተክሉን ወደ ጎን አጋድሞ፣ አፈሩን በፌስታል ሸፍኖ ሁለት ደቂቃ ያህል ማጠብ ይችላል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር የሚኖር ሰው ደግሞ ተክሉን ከነመትከያው ገልብጦ፣ አፈሩ እንዳይወድቅ በጨርቅ አስሮ፣ ቅጠሉን በባልዲ ውኃ ውስጥ ማወዛወዝ ይችላል፤ አንድ ባልዲ ውኃ ለሦስት አራት ተክል ይበቃል፤ ተክሎቹ ሁሉ ተባዩ ያለባቸው ከሆኑ በአንድ ውኃ መጠቀም ችግር የለውም። እንደ ጎማ ዛፍና ሞንስቴራ ያሉ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን በእርጥብ ጨርቅ አንድ በአንድ፣ በተለይ ጀርባቸውን መጥረግ ይሻላል። በክረምት ወራት ተክሉን ለግማሽ ቀን ዝናብ ላይ ማውጣት ይህን ሁሉ ድካም ይተካል፤ ነገር ግን ሲመለስ ሌላ ተባይ ይዞ እንዳይገባ መፈተሽ አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው ሳሙና ነው፤ በዚህ ላይ ስሕተት ስለሚበዛ ትንሽ ልቆይበት። የሳሙና ውኃ የሚገድለው ተባዩን እርጥብ ሆኖ ሲነካው ብቻ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ምንም ኃይል የለውም። ስለዚህ በቅጠሉ ፊት ላይ ቢረጭ ዋጋ የለውም፤ ማይቱ የሚኖረው ጀርባው ላይ ነው። መጠኑ አንድ ከመቶ አካባቢ ይሁን፤ ይኸውም በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት ፈሳሽ ሳሙና ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ወይም ተፈቅፍቆ የሟሟ ደረቅ ሳሙና አሥር ግራም ያህል ነው። የልብስ ማጠቢያ የዱቄት ሳሙናም ሆነ ቅባት ለማስለቀቅ የተዘጋጀ የዕቃ ማጠቢያ ለዚህ አይሆንም፤ በቅጠሉ ላይ ያለውን ተፈጥሯዊ የሰም ሽፋን ገፍፈው ቅጠሉን ያቃጥላሉ፤ ተባዩ የጀመረውን ጥፋት ባለቤቱ ራሱ ይጨርሰዋል። የጉድጓድ ውኃ የሚጠቀም ሰው ሳሙናው ነጭ አተላ ሠርቶ ከላይ ሲንሳፈፍ ካየ፣ በውኃው ያለው ካልሲየም ሳሙናውን ይዞታልና በዝናብ ውኃ ወይም ፈልቶ በጠለለ ውኃ ይተካው። ሙሉውን ተክል ከመርጨት በፊት በአንድ ቅጠል ላይ ሞክሮ ሁለት ቀን መጠበቅ ይገባል፤ ፈርንና ፀጉራም ቅጠል ያላቸው ተክሎች በቀላሉ ይጎዳሉ። የሚረጨው ፀሐይ ከበረደ በኋላ ወደ ማታ ይሁን፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላም በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ጥሩ ነው።

ሳሙና እንቁላልን ብዙም አይነካም፤ ዘይት ግን እንቁላሉን ሸፍኖ የማፈን ዕድል አለው፤ ሁለቱ አብረው የሚሠሩትም ለዚህ ነው። በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ንጹሕ የምግብ ዘይት ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ሳሙና ጋር አጥብቆ በጥብጦ፣ በሚረጭበት ጊዜም ዘይቱ ተለይቶ እንዳይወጣ ደጋግሞ እየናጡ መጠቀም ይቻላል። በየዙሩ ዘይት መጠቀም ግን የቅጠሉን መተንፈሻ ያደናቅፋል፤ እኔ ከአራቱ ዙሮች በመጀመሪያውና በሦስተኛው ብቻ እጠቀምበታለሁ።

ኒም ከእነዚህ ለየት ያለ ነው። በድሬዳዋ፣ በአዋሽ ቆላና በጋምቤላ በየመንገዱ ዳር የሚታየው ይህ ዛፍ በፍሬው ውስጥ አዛዲራክቲን የተባለ ንጥረ ነገር አለው፤ ወዲያው ከመግደል ይልቅ ተባዩ ቆዳውን ቀይሮ እንዳያድግ፣ የምግብ ፍላጎቱ እንዲጠፋና የሚጥለው እንቁላል እንዲቀንስ ያደርጋል። ኒምን ረጭቶ በማግሥቱ ሬሳ የሚፈልግ ሰው የሚያዝነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ውጤቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት በተተኪው ትውልድ ማነስ ይታያል። ቅጠሉን ቀቅሎ መርጨት የተለመደ ቢሆንም ኃይሉ ያለው በዋናነት በፍሬው ውስጥ ባለው አስኳል ነው፤ 50 ግራም የደረቀ አስኳል ወቅጦ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ አሳድሮ ማጥለል በተለይ በሕንድ ገበሬዎች ዘንድ የታወቀ መጠን ነው። የተዘጋጀ የኒም ዘይት ያገኘ ሰው አምስት ሚሊ ሊትር ያህሉን ከጥቂት ሳሙና ጋር በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ መበጥበጥ ይችላል። አዛዲራክቲን በብርሃንና በውኃ ውስጥ ቶሎ ስለሚበላሽ የተዘጋጀው በዚያው ቀን ያልቅ፤ የተረፈው ለነገ አይቀመጥ። የኒም ዘይት ለሕፃን ፈጽሞ የሚጠጣ ነገር አይደለምና ጠርሙሱ ከልጆች መራቅ አለበት።

ከወጥ ቤት ስለሚወጡት ሌሎች ቅመሞች የምለው አጭር ነው። ሚጥሚጣ የተባይ ማራቂያ እንጂ መግደያ አይደለም፤ በክፍል ውስጥ ሲረጭ ከተባዩ ይልቅ የረጪውን ዓይን ያስለቅሳል። ነጭ ሽንኩርት ተባዩን የሚጎዳ ነገር ቢኖረውም በየቤቱ የሚዘጋጀው ኃይሉ ከአንዱ ጊዜ ወደ ሌላው ይለያያል። የጥብስ ቅጠል (ሮዝመሪ) የሚሰጠው ተስፋ የተሻለ ነው፤ በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት የሮዝመሪ ዘይት ስፓይደር ማይትን በቦሎቄና በቲማቲም ቅጠል ላይ ተክሉን ሳይጎዳ ሊገድል እንደሚችል አሳይተዋል። ጥናቱ የተደረገው ግን ተነጥሮ በወጣ ዘይት ነው፤ ቅጠሉን እንደ ሻይ አፍልቶ ያንኑ መጠበቅ አይቻልም። አመድ በቅጠል ላይ መነስነስ ደግሞ የቅጠሉን ብርሃን ከመከልከልና አዳኝ ነፍሳትን ከመጉዳት ያለፈ ፋይዳ ስለሌለው ቢቀር ይሻላል።

የሚረጨውን ነገር ያህል የተክሉ አያያዝም ይቆጠራል። ማይቱ ደረቅና ሞቃት አየርን የሚወደው ከቅጠሉ የመጠጠውን ትርፍ ውኃ በቀላሉ ስለሚያተን ነው፤ አየሩ እርጥበት ሲኖረው ምግቡም እንቁላሉም ይቀንሳል። ሆኖም በቀን አንድ ጊዜ ቅጠል ላይ ጭጋግ መርጨት የአየሩን እርጥበት የሚለውጠው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነውና ብዙ ተስፋ አይጣልበት፤ ተክሉን ከቀትር ፀሐይና ከምድጃ አጠገብ ማራቅ፣ ውኃ ሳያንሰውም ሳይበዛበትም መጠበቅ ይበልጥ ይረዳል። አቧራም ወዳጁ ነው፤ ግንባታ በማያቋርጥባቸው ሠፈሮች የሚኖሩ ሰዎች በበጋ በየሳምንቱ ቅጠል ቢጠርጉ የተባዩን መነሻ ያዘገያሉ። ከሁሉ የሚረሳው ማዳበሪያ ነው፦ ተክሉ ሲደበዝዝ «ይበርታ» ተብሎ ዩሪያ ወይም የዶሮ ኩስ ይጨመርለታል። ናይትሮጅን የበዛበት ቅጠል ግን ለማይቱ የተሻለ ቀለብ ነው፤ እንቁላሏንም ያበዛላታል። ተባዩ እስኪጠፋ ማዳበሪያ መቆም አለበት።

ይኸው ነገር በውጭ አገር ለሚኖሩት ወገኖቻችን በሌላ መልክ ይመጣል። በዋሽንግተን፣ በሚኒሶታ ወይም በስቶክሆልም በብርዱ ወራት ማሞቂያ ሲለኮስ የቤት ውስጥ አየር ከአዲስ አበባ በጋ ይልቅ ይደርቃል፤ ውጭ በረዶ እየጣለ ማሞቂያው አጠገብ ያለው ተክል በማይት ይወረራል። በእነዚያ አገሮች ግን ለእኛ ቤቶች ገና ያልቀረበ አንድ መፍትሔ በፖስታ ይገዛል፤ ማይት የሚበላ ማይት። ፊቶሲዩለስ ፐርሲሚሊስ የተባለው ይህ ብርቱካናማ አዳኝ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ከቺሊ ወደ ጀርመን በገባ ኦርኪድ ላይ በአጋጣሚ የተገኘ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ያን ኮፐርት የተባለ የኔዘርላንድ የኪያር አምራች ለራሱ እርሻ አራብቶ ከተጠቀመበት ወዲህ ንግድ ሆኗል። ከስፓይደር ማይት በቀር ሌላ ምግብ ስለሌለው ምግቡ ሲያልቅ እርሱም ያልቃል። በኢትዮጵያም የሆርቲካልቸር አምራች ላኪዎች ማኅበር ከኔዘርላንዱ የዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር በመተባበር አዳኙን በጽጌረዳ እርሻዎች ላይ ሲሞክረው ቆይቷል፤ የመድኃኒት ርጭቱንም የቀነሱ እርሻዎች አሉ። አዳኙን በቤቱ የሚለቅ ሰው ማወቅ ያለበት ሳሙና፣ ዘይትና ኒም ከተረጨ በኋላ ወዲያው መልቀቅ እንደማይቻል፣ አየሩ በጣም ደረቅ ከሆነም አዳኙ እንደማይራባ ነው። በአገራችን ለጽጌረዳ እርሻ የሚውለው አዳኝ በትንሽ ብልቃጥ ለከተማ ነዋሪ የሚደርስበት መንገድ ቢከፈት፣ በየቤቱ ከሚረጨው ስም የለሽ መድኃኒት ብዙውን ያስቀራል ብዬ አምናለሁ፤ የአበባው ዘርፍ ለዚህች አገር ከውጭ ምንዛሪ ሌላ ሊሰጣት የሚችለው አንዱ ነገር ይህ ዕውቀት ነው።

አራቱ ዙሮች ካለቁ በኋላ ተክሉን በአሮጌው ቅጠል መመዘን አይገባም። ባዶ የሆኑት ሴሎች ዳግም አረንጓዴ አይሆኑም፤ ነጠብጣቡ ቅጠሉ እስኪረግፍ አብሮት ይኖራል። መታየት ያለበት አዲስ የሚወጣው ቅጠል ነው፤ እርሱ ያለ ነጠብጣብ ከተዘረጋ፣ በየሳምንቱ የሚደረገው የነጭ ወረቀት ፈተናም ለአንድ ወር ባዶ ከሆነ ተክሉ ወደ ጓደኞቹ መመለስ ይችላል። ከአራተኛው ዙር በኋላም ወረቀቱ ላይ የሚራመድ ከተገኘና ተክሉ ቅጠሉን ከግማሽ በላይ ካጣ፣ ለሌሎቹ ሲባል እርሱን መጣል ይሻላል፤ ተክሉ ፓልም ካልሆነና ሥሩና ግንዱ ጤነኛ ከሆነ ግን ቅጠሉን ሁሉ ቆርጦ፣ ግንዱን በሳሙና ውኃ አጥቦ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ዕድል መስጠት ይቻላል። የሚጣለው ተክል በፌስታል ተቋጥሮ ይውጣ፤ በኮሪደር ወይም በጎረቤት በር አጠገብ አይቀመጥ። መትከያው በሳሙና ይታጠብ፣ የነበረበት መስኮት ደፍ ይወልወል፣ አዲስ የተገዛ ችግኝም በዚያ ቦታ ከመቀመጡ በፊት ሁለት ሳምንት በሌላ ክፍል ለብቻው ይቆይ፤ በእነዚያ ሁለት ሳምንታትም የቅጠሉ ጀርባ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይገለጥ።